አንዴ ከነካሽው ሰምቷል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእናትሽን ጉልበት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ ከእሱ በቀር ሁሉም አማን ነው።

ትናንት ስንደዋወል ስለ ቢሮሽ ስታወሪኝ ከድምፅሽ ኋላ የማውሱ ቀጭ ቀጭ አላቋርጥ አለ። «ይኼ ነገር ዛሬም ቆመብኝ» ትያለሽ፣ ትጫኛለሽ፣ ደግመሽ ትጫኛለሽ። በመጨረሻ «ነቀልኩት!» አልሽኝ፤ ሶኬቱን ማለትሽ ነው። በስልክ ብመክርሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ እንደምትዘጊው ስለማውቅ በጽሑፍ አደረግሁት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልሁ ግን አልጨቀጭቅሽም፤ ይህን ተረት የሚወድ ችኩል ሰው አላየሁም።

ከፍርድ ቤቱ ደጅ ራፖር ስጽፍ መኖሬን ታውቂያለሽ፤ መጀመሪያ በታይፕ፣ ኋላ በኮምፒውተር፣ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ። ሱቄ ጠባብ ናትና ኮምፒውተር ሊጠቀም የመጣ ሁሉ ትከሻዬ ሥር ነው የሚቀመጠው። የደብረ ማርቆስን ሰው መልኩን ረስቼ በጣቱ የማውቀው አለ።

ባለፈው የምረቃ ሰሞን አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያትም መጣ። ፕሪንት ብሎ አዘዘ፤ ፕሪንተሩ ወረቀት ጨርሶ ኖሮ ዝም አለ። ልጁ ደገመ፣ ሠለሰ፣ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ተዪው። እኔ ወረቀት ስጨምርለት ፕሪንተሩ ያን ሁሉ ቅጂ ከሽፋን እስከ ማጣቀሻ፣ ከሽፋን እስከ ማጣቀሻ ያወርደው ጀመር። ልጁ «ኧረ ተበላሸ!» ብሎ ጮኸ። ምኑ ነው የተበላሸው? እንደታዘዘ ነው የሠራ። ፕሪንተሩ ዝም ቢል ትእዛዙ አይጠፋም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ወረፋ ይዞ ይጠብቃል። አንድ ባለጉዳይ ያንኑ አቤቱታ አምስት ጊዜ መዝገብ ቤት ቢያስገባ አምስት ቁጥር ይወጣለት ይሆናል እንጂ ዳኛው ቶሎ አይሰየሙለትም። እንዲያ ያለ ጊዜ የፕሪንተሩን ወረፋ ከፍተሽ ትርፉን መሰረዝ ነው፤ ልጁ ግን ይህን ከመስማት ይልቅ ገመዱን ሊነቅል ተንጠራርቶ ነበር። እንዳንቺው።

መስኮቱ ነጣ ብሎ «ኖት ሪስፖንዲንግ» ሲልሽም ነገሩ ያው ነው። ዊንዶውስ ይህን የሚጽፈው ፕሮግራሙ ለ5 ሰከንድ ያህል ለሚላክለት መልእክት መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። ሞተ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከባድ ፋይል እየከፈተ ወይም ዲስኩን እየጠበቀ ነው። እስኪነቃ ድረስ የጫንሽው ተጠራቅሞ በተርታ ሊፈጸም ይችላል። በመሃል «ልሰርዘው?» የሚል ሳጥን ብቅ ካለ ደግሞ ሳታነቢው እሺ ብለሽ ቁጭ ነው። ሶኬት መንቀል ከሁሉም ይብሳል፤ ዲስኩ ላይ እየጻፈ ከነበረ ፋይሉ እኩሌታው ተጽፎ ይቀራል። የአይቢኤም የመጀመሪያው ፒሲ እ.ኤ.አ. በ1981 ከመውጣቱ በፊት ዴቪድ ብራድሊ የሚባል መሐንዲስ ማሽኑን ቶሎ እንደገና የሚያስነሳ የቁልፎች ጥምር አበጅቶ ነበር፤ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኢስኬፕ። ሰው ሳያስበው በግራ እጁ ብቻ ሊነካቸው ይችላል ተብሎ ኢስኬፕ ቀርቶ ዲሊት ገባበት፣ ሁለት እጅ እንዲፈልግ። ሶኬት ለመንቀል ግን አንድ እጅ ይበቃል፤ ችግሩም እሱ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ባንቺ አልጭንም። ያኮብ ኒልሰን የተባለ የዴንማርክ ሰው እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስቀመጠው፣ ማሽን በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ከመለሰልሽ ወዲያው የሆነ ይመስልሻል፤ እስከ 1 ሰከንድ ሐሳብሽ አይቋረጥም፤ ከ10 ሰከንድ ካለፈ ልብሽ ሌላ ነገር ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ «ሰምቻለሁ፣ እየሠራሁ ነው» የማይል ፕሮግራም የሠራ ሰው እጅሽን ያቁነጠነጠው እሱ ነው። አሁን እየሞላ የሚሄደው መስመር የሚታየውም ለዚህ ነው። እሱ ካለ ሰው ይታገሣል፤ በሱቄ አይቼዋለሁ።

የሚያስቀኝ ግን ሪፍሬሽ ነው። ኮምፒውተሩ ከተከፈተ ገና እፍኝ ደቂቃ ሳይሞላው ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ፣ ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ! ማን እንዳስተማረን እንጃ፤ ወጣቱም ሽማግሌውም ያደርገዋል። የሚሠራው ምልክቶቹን እንደገና መሣል ብቻ ነው። ሚሞሪ አያጸዳም፣ ማሽኑን አያፈጥንም። ጉዳት የለውምና ደስ ካለሽ አድርጊው።

ድረ ገጽ ላይ ኤፍ 5 ሲሆን፣ ገጹን እንደገና የሚያስመጣው ቁልፍ ማለቴ ነው፣ ግን ጉዳት አለው። እኩሌታው የደረሰውን ገጽ ጥለሽ ከመጀመሪያው ትጠይቂያለሽ፤ ለወዲያኛው ማሽን ደግሞ ሌላ ሥራ ጨመርሽበት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የወጣ ዕለት ገጹ አልከፈት ሲል ምን ስታደርጊ እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ የጓደኞችሽ ሁሉ ጣት እዚያው ላይ ነበር፣ ገጹንም ያጨናነቀው እሱው ነው። ዳታ እያጠፉ ማብራቱን በተመለከተ ግን ሰው ላይ አልፈርድም። በክልላችን ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተዘግቶ ሲቆይ «መጣ ይሆን?» እያሉ መሞከር የሰው ሁሉ ልማድ ሆነ፤ አንዳንዱ ኔት ከተለቀቀ በኋላም አልተወውም።

ገንዘብ ስትልኪ ግን ይህን ጠባይ ፈጽሞ አልፈቅድልሽም። «ላክ» ብለሽ ስልኩ ዝም ካለ ሒሳብሽን ሳታዪ አትድገሚ። መልእክቱ ዘግይቶ ብሩ ቀድሞ የሄደ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ሥርዓት ድጋሚውን ለይቶ ይከለክላል፣ አንዳንዱ አይከለክልም፤ አንቺ የትኛው እንደሆነ በገንዘብሽ ልትፈትኚው አይገባም።

አንዱን ልማድሽን ግን እንዳትተዪው። የጻፍሽውን የሚያስቀምጠውን ኮንትሮል ኤስ ስትደጋግሚ የሥራ ባልደረቦችሽ ሳቁብኝ ብለሽኝ ነበር። ይሳቁ! ታይፕ ላይ የመታሁት ፊደል መብራት ቢጠፋም ወረቀቱ ላይ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የጻፍሽው እስካላስቀመጥሽው ድረስ ሚሞሪ ላይ ያለ ነው፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ወርድ ራሱ ለመጠባበቂያ የሚይዘው ካልቀየርሽው በቀር በየ10 ደቂቃው ነው፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ እኔ አንድ ሙሉ አቤቱታ እጨርሳለሁ። በሐምሌ ነጎድጓድ፣ መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት አገር ላደገ ሰው ይህ ችኮላ አይደለም። እኔ አሁንም አራት ነጥብ ባደረግሁ ቁጥር እጫነዋለሁ፤ ይህንንም ደብዳቤ እንደዚያው ነው የጻፍሁት።

የቢሮሽ ማሽን እውነትም ዘገምተኛ ከሆነ መድኃኒቱ ማውሱ ዘንድ አይገኝም። ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ ኤስኤስዲ በሚባለው በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ ቢተካ ልዩነቱ ያስደንቅሻል። አንቺ አትክፈቺው፤ የመንግሥት ንብረት ነውና ለአይቲ ክፍል በደብዳቤ ጠይቂ፣ ግልባጩንም ያዢ። ያንቺን ላፕቶፕ ለጥምቀት ስትመጪ ይዘሽ ነይ፣ እኔው አየዋለሁ።

እናትሽ በሶና ሽሮ አዘጋጅታለች። ወደ ባሕር ዳር የሚወጣ የምናምነው ሰው እንዳገኘሁ እልከዋለሁ፤ መናኸሪያ ደርሶ ይደውልልሻልና ስልክሽን እንዳትዘጊ።

አባትሽ
ደብረ ማርቆስ