ጠፋሁብሽ አይደል?

እህቴ፣ እንዴት ከርመሻል? ዛሬ እደውላለሁ ነገ እደውላለሁ እያልኩ ስንት ወር አለፈ። እባክሽ እንዳትቀየሚኝ።

መጨረሻ ስናወራ «አንቺ ሐኪም አይደለሽ፣ ሠልጣኞቹን ምን ታደርጊላቸዋለሽ?» ብለሽኝ አድበስብሼ አለፍኩት። አሁን ልንገርሽ።

እዚህ እንግሊዝ የቤተሰብ ሐኪም ለመሆን አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ይሠለጥናሉ፤ ከፊሉን ሆስፒታል፣ ከፊሉን እንደኛ ባለ ክሊኒክ። ብዙዎቹ የሚመጡት ኦገስት ላይ፣ በመጀመሪያው ረቡዕ ነው። ሕክምናውን የሚያስተምራቸው አሠልጣኝ ሐኪም አለ። የእኔ ሥራ የኮምፒውተር መግቢያ ካርዳቸው ቀድሞ እንዲደርስ ማድረግ ነው፤ ያለሱ የመድኃኒት ማዘዣ እንኳ መላክ አይችሉም። ቀጠሯቸውንም የማወጣው እኔ ነኝ። ነባሩ ሐኪም አንድ ታካሚ በ10 ደቂቃ ገደማ ሲያይ፣ ጀማሪውን በ30 ደቂቃ እጀምረዋለሁ፣ እየለመደ ሲሄድ እናሳጥረዋለን።

ባለፈው ዓመት ግን አጠፋሁ። አንዷ ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ልዘጋ ስል ክፍሏ በር ገርበብ ብሏል። ቦርሳዋን እንዳነገተች ቆማ፣ ጠዋት ስላየችው ሕፃን የጻፈችውን ደጋግማ ታነባለች። «ትኩሳት ነበረው፣ ወደ ቤት ላክሁት» አለችኝ። አሠልጣኝሽን ለምን አልጠየቅሽም ስላት «ቀኑን ሙሉ ታካሚ ነበረበት፣ ማንኳኳት ፈራሁ» አለች። እዚያው ደወልንለት። አንድ በአንድ ጠየቃት፣ ያደረገችው ልክ ነበር። ስልኩን ስትዘጋ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። የሱን ፕሮግራም እስከ ጥግ የሞላሁት እኮ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ከጠዋቱም ከከሰዓቱም ሥራ በኋላ ሁለቱ የሚነጋገሩበት ሰዓት ያዝኩላቸው። ቀጠሮ ሲጣበብ ሪሴፕሽን ያሉት ልጆች «አንድ ሰው ብቻ እናስገባ» ይሉኛል፤ ስልኩ ሲጮህባቸው ስለሚውል አልፈርድባቸውም፣ ግን እምቢ እላለሁ። የትምህርት ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ሙሉ ሰዓት ለሚሠራ ሠልጣኝ ከሳምንቱ 40 ሰዓት 12ቱ ለትምህርት የተመደበ ነው፣ ሰው በጎደለ ቁጥር ከዚያ መቁረስ ደግሞ በጣም ያናድደኛል። ሊማሩ ነው የመጡት።

ልጅቷ አሁን ሳትፈራ ታንኳኳለች። አንዳንዴ መልስ ሳትጠብቅ ትገባለች።

በይ ልሂድ፣ ለረቡዕ የሁለት ሰው ካርድ ገና አልደረሰኝም። እሑድ እደውልልሻለሁ፣ የምሬን ነው።