ስለ ላምህ ለጠየቅኸኝ ጥያቄ የዘገየ መልስ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአስፋው፤

አንተም፣ ባለቤትህም፣ ልጆችህም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የመጨረሻው መልእክትህ ከደረሰኝ አራት ዓመት ሊሞላ ነው፤ «ነገ በሰፊው እጽፍለታለሁ» እያልኩ ሳዘገይ ኋላ ኀፍረቱ ራሱ ከመጻፍ የሚያግደኝ ሌላ ምክንያት ሆነ። ባለፈው ሳምንት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼ ስለ ባክቴሪያ፣ ስለ አርኬያና ስለ ቫይረስ ሳስተምር አንድ ተማሪ አንተ የጠየቅኸኝን ያንኑ ጥያቄ ስላነሳብኝ፣ ከእንግዲህ ዝም ማለቱ ነውር ሆኖ ታየኝ።

«አባሰንጋን የሚያድነው ፔኒሲሊን ላሜ የአፍና የእግር በሽታ ሲይዛት ስለምን አልሠራላትም? ሁለቱም ጀርም አይደሉም ወይ?» ብለኸኝ ነበር።

የአባሰንጋ መነሻ ባክቴሪያ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1876 አንድ የታወቀ ባክቴሪያ አንድን የታወቀ በሽታ እንደሚያመጣ ያሳየው በዚሁ በአባሰንጋ ነው። ባክቴሪያ አንድ ሕዋስ ብቻ ይሁን እንጂ ለራሱ የተሟላ ነው፤ ምግቡን ወደ ጉልበት ይለውጣል፣ ፕሮቲኑን ራይቦዞም በሚባል የገዛ መሥሪያው ይሠራል፣ ለሁለት ተከፍሎም ይባዛል። ዙሪያውን ደግሞ ፔፕቲዶግላይካን ከሚባል ነገር የተሠራ ግድግዳ ያጥራል፤ ፔኒሲሊን የሚያሰናክለው የዚህን ግድግዳ ግንባታ ነው። ላሟን የማይነካውም የላሟ ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው ነው።

የአፍና የእግር በሽታን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የኮክ ተማሪ የነበረው ፍሪድሪክ ሎፍለርና ባልደረባው ፖል ፍሮሽ ከታመሙ ከብቶች ውኃ የቋጠረ ቁስል ፈሳሽ ወስደው ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ አሳለፉት፤ የተጣራው ፈሳሽ ግን ጤነኛውን ከብት እንደገና አሳመመ። ከእንስሳት በሽታዎች በቫይረስ እንደሚመጣ መጀመሪያ የታወቀው ይህ ነው። ቫይረሱ ወርዱ 30 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ የአባሰንጋው ባክቴሪያ በርዝመቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ነገር ግን ዋናው ልዩነት መጠኑ አይደለም። ቫይረሱ በፕሮቲን ቅርፊት የተጠቀለለ፣ የዘር መረጃውን የያዘ የአርኤንኤ ክር ነው እንጂ ግድግዳም፣ ራይቦዞምም፣ የራሱ ጉልበትም የለውም። የላሟ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ የሕዋሱን መሣሪያ ለራሱ ያውለዋል፤ የሚባዛውም ተከፍሎ ሳይሆን ክፍሎቹ ለየብቻ ተሠርተው ከተገጣጠሙ በኋላ ነው። ፔኒሲሊን የሚያፈርሰው ነገር አላገኘም።

ትዝ ይልህ እንደሆነ በጋራ ደብተራችን ላይ «ቫይረስ ማለት እጅግ ያነሰ ባክቴሪያ ነው» ብለህ ጽፈህ፣ መምህራችንም በቀይ እርማት አጽድቆልህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 በእንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ከአንድ የማቀዝቀዣ ማማ ውኃ የተገኘ ነገር በግዙፍነቱ የተነሳ ለዓመታት ባክቴሪያ ነው ሲባል ቆይቶ፣ በ2003 ሚሚቫይረስ ተብሎ የታወቀ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በመጠን መለየት ባለሙያዎቹንም አሳስቷል፤ አንተና መምህራችን ብቻችሁን አይደላችሁም።

ያልጠየቅኸኝ፣ እኔን ግን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሦስተኛው፣ አርኬያ የሚባለው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነው። ላምህ ስታመሰኳ በጨጓራዋ ያሉት ባክቴሪያዎች ሣሩን ሲሰባብሩ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ እነዚህን አዋሕደው ሚቴን የሚያደርጉት አርኬያዎች ናቸው። ሚቴኑ በአብዛኛው የሚወጣው ሰው እንደሚገምተው በኋላዋ ሳይሆን በግሳት በአፏ ነው፤ ከምትበላው መኖ ጉልበትም ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው በዚሁ ይባክናል። ለመኖ የምታወጣውን ገንዘብ ስታሰላ ይህን አትርሳ።

አርኬያ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከባክቴሪያ አይለይም፤ ሁለቱም ዲኤንኤ የሚቀመጥበት ኒውክለስ የላቸውም፤ እኛም በትምህርት ቤት «ሞኔራ» በሚል አንድ ስም ሸምድደናቸዋል። ተመራማሪዎቹ ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ ግን እ.ኤ.አ. በ1977 የራይቦዞማቸውን አርኤንኤ ሲያነጻጽሩ ሚቴን አምራቾቹ ከባክቴሪያ ዘር እጅግ የራቁ ሆነው አገኟቸው። ግድግዳቸው ፔፕቲዶግላይካን የለውም፤ የሽፋናቸው ስብም በሌላ ዓይነት ኬሚካዊ ማያያዣ የተሠራ ነው፤ ዲኤንኤን የሚያነቡበት መሣሪያ ደግሞ ከባክቴሪያው ይልቅ የእኛንና የላሟን ይመስላል። እንዲያውም የእኛ ዓይነት ሕዋስ ከአርኬያ ወገን እንደ ወጣ የሚያምኑ ተመራማሪዎች ዛሬ ብዙ ናቸው። ተማሪዎቼ አርኬያ ሲባሉ ቶሎ ዳሎልን ይጠሩልኛል፤ በአካባቢው ባሉ ጨዋማ ኩሬዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን አርኬያ የእሳትና የጨው አገር ነዋሪ ብቻ አይደለም፤ በረትህ ውስጥም አለ። በሽታ በማምጣት በእርግጠኝነት የተከሰሰ አርኬያ እስካሁን አለመኖሩም ስሙ እንዳይነሳ ያደረገው ይመስለኛል።

ከዚህ የተነሳ፣ ለተማሪዎቼ የሰጠሁት ባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ አሁን ይቆረቁረኛል። ባክቴሪያንና አርኬያን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የምንጠይቀው ስለ ዝምድናቸው ነው፤ ሁለቱም ያለ ክርክር ሕያዋን ናቸው። ቫይረስን ከጎናቸው ስንጨምር ግን ጥያቄው ሕይወት ያለው ምንድን ነው ወደሚል ይዞራል፤ በአንድ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ሦስቱን ወንድማማች ያስመስላቸዋል። ለሚመጣው ሴሚስተር ሠንጠረዡን ለሁለት ልከፍለው አስቤአለሁ።

በመልእክትህ «ሐኪሙ በከንቱ መርፌ ወጋብኝ» ብለህ ተቆጥተህ ነበር። ቫይረሱን ለማጥፋት ወግቶላት ከሆነ እውነትህን ነው፤ ነገር ግን በቆሰለው አፏና ኮቴዋ ባክቴሪያ ገብቶ እንዳያመረቅዝ ይህንኑ መርፌ መስጠት የተለመደ ነው። ምናልባት ያን ጊዜ የተናገርኸው ቃል ከልክ አልፎ እንደሆነ፣ ሐኪሙን ስታገኘው ይቅርታ ጠይቀው፤ የላሟንም ሁኔታ ጻፍልኝ።

አክባሪ ወንድምህ፣
ተስፋዬ