ዝናብ ሳይታይ የሚደርስ ጎርፍ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ደቡብ ምዕራብ አሜሪካ በረሃዎች ያወጣችሁት የጉዞ ጽሑፍ ደራሽ ጎርፍን በአንድ መስመር አልፎታል፦ «ዝናብ ከጀመረ ከደረቁ ወንዝ ውጡ»። ይህ ምክር ሰው ሊያስገድል ይችላል። ጎርፉ የሚመጣው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ከጣለ ዝናብ ሊሆን ይችላልና። ነሐሴ 1997 (እ.ኤ.አ.) አንቴሎፕ ካንየን በተባለው የአሪዞና ጠባብ ሸለቆ 11 ሰዎች በደራሽ ውሃ ሞተዋል። ዶፉ የወረደው እነሱ ካሉበት ርቆ ነበር። ዝናብ እስኪጀምር የጠበቀ ሰው ምን ዕድል አለው?

ብዙዎቻችን ደረቅ መሬት ውሃ ይመጥጣል ብለን እናስባለን። በፀሐይ የጠነከረ አፈርና ድንጋይ ግን ቶሎ አያሰርግም። የሚያዘገየው ዕፅዋትም ጥቂት ነው። ስለዚህ ውሃው አሸዋና ግንድ እየጠረገ ወደ ሸለቆው ይወርዳል።

መኪናም አያድንም። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው የሚፈስ ውሃ ብዙ የቤት መኪናዎችን ሊያንሳፍፍ ይችላል።

በሚቀጥለው እትም የእያንዳንዱ ሸለቆ ውሃ ከየት እንደሚነሳ በካርታ አሳዩ። አንባቢው ከመነሳቱ በፊት የዚያን የላይኛውን አካባቢ የአየር ትንበያ እንዲያይ ንገሩት። «በደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን አትትከሉ» የሚለውም ከሁሉ በፊት ይጻፍ።