ለወላጆች፦ ስለ አርብ ከሰዓት ትምህርት

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፤

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የመንፈቀ ዓመቱ ካርድ በመጪው ሳምንት ይሰጣል፤ የመማሪያ መጽሐፍ የጠፋበት ከዚያ በፊት ያሳውቅ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ግን ሌላ ነገር ነው።

አርብ ከሰዓት ስለ ዘር፣ ስለ ባዮጋዝና ስለ አካባቢ ጥበቃ በተግባር የምናስተምርበት ሰዓት ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ወንበር ግን ግማሹ ባዶ ነው። ልጆቹ አልታመሙም። «አርብ ገብስ ለቀማ ነው፣ ቤት ዋል» የምትሏቸው እናንተ ናችሁ። ቅሬታውን ከጎረቤት ከምንሰማው ከራሳችሁ ብንሰማው ደስ ይለን ነበር።

ልጆቹ ከየቤታቸው አንድ አንድ እፍኝ ዘር ያመጣሉ፤ ነጭ ገብስ፣ ጥቁር ገብስ፣ ማውጌና ሰነፍ ቆሎ የሚባሉትን የገብስ ዓይነቶች። ፍሬውን በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተው ይለያሉ። ከየትኛው ማሳ እንደመጣ፣ ውርጭ ይችል እንደሆነ አያቶቻቸውን ጠይቀው ይጽፋሉ። የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥራም ከዚሁ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1976 የዘር ማዕከል ሆኖ ከተቋቋመ ጀምሮ ባለሙያዎቹ ከየገበሬው ዘር ሰብስበዋል። ዘሩ ይደርቃል፣ ይታሸጋል፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይቀመጣል። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ደግሞ ዘሩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም እንዲኖር ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አግኝተዋል። እናንተ «ለቀማ» የምትሉት ይህንን ነው።

«ልጄን የላክሁት ከእርሻ እንዲገላገል ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይገባናል፤ ብዙዎቻችንም የገበሬ ልጆች ነን። ግን ካሊፎርኒያ ላይ ገብሱን ቢጫ እያደረገ የሚያቀጭጭ ቫይረስ ሲያስቸግር፣ በሽታውን የሚችለው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያንን ያወቁት ተመራማሪዎች ናቸው፤ ደሞዝም ይበላሉ። ልጃችሁ ከነሱ አንዱ ቢሆን ምን ይጎድልባችኋል?

«ሚኒስትሪ ላይ አይመጣም» ለምትሉም መልስ አለን። ስለ ዘር፣ ስለ አፈር፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ የማይጠይቅ የሳይንስ ፈተና እስካሁን አላየንም። ደግሞስ ቤት የዋለ ልጅ አርብ ከሰዓት የሚያጠናው ምንድን ነው? እኛ ኳስ ሜዳ ላይ ነው የምናገኘው።

«እበት እየሸተተ መጣ» የሚለው ቅሬታ ግን፣ ይቅርታ አድርጉልንና፣ አስቆናል። እበት ለመንዝ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው ብርቅ የሆነው? ልጆቹ የሚሠሩት ባዮጋዝ ነው። እበቱ ከውሃ ጋር እኩል ተበጥብጦ አየር በማያገኝ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል። ጋዙ ምጣድ ያሰማል፤ ዝቃጩ ማሳ ላይ ይፈሳል። ኩበት አድርገን ስናነደው ግን አብዛኛው ለማሳው የሚሆነው ነገር አብሮ ይቃጠላል። በኛ ብርድ ጋዙ ይዘገያል፤ ስለዚህ ልጆቹ ጉድጓዱን ዙሪያውን በገለባ አልብሰው እየጠበቁ ነው። ሐሳቡ የራሳቸው ነው። እጅ መታጠቢያ ሳሙናም ገዝተናል።

ወደ ጓሳ፣ ወደ መንዙ የወል ሣር ምድር፣ የምናደርገው ጉዞ ክፍያም ቅሬታ አስነሥቷል። «ጓሳን መች አጣነው፣ በነፃ የምናየውን?» አላችሁ። ገንዘቡ ለመኪና ብቻ ነው፤ ሒሳቡን ማየት የፈለገ ቢሮ ይምጣ፤ የቸገረው ልጁን ያለ ክፍያ ይላክ። ሣሩን ዘግተውና ከፍተው በወል ሕግ ለዘመናት ያቆዩት የናንተው አያቶች ናቸው። ልጆቻችሁ ግን እዚያ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ የሚያውቁት በግልገል ሌብነት ነው። ዋና ምግቡ አይጥ መሆኑን፣ በዓለም ላይ የቀረውም ከ500 እንደማይበልጥ ስንነግራቸው አላመኑንም። ሄደው ይዩት።

ከመጪው አርብ ጀምሮ ከሰዓት የቀረ ተማሪ እንደማንኛውም ቀን ቀሪ ይመዘገባል። ምክንያት ያለው ወላጅ ራሱ መጥቶ ይንገረን፤ «አሞታል» የሚል ብጣሽ ወረቀት በታናሽ ወንድም እጅ መላክ ቀርቷል።

ከአክብሮት ጋር፣
ርእሰ መምህሩ