ጋቢውን ውሰጂው

ሚጡዬ፣

ወንድምሽ ትናንት ማታ ሁሉን ነገረኝ። ሐሙስ ልትነሱ ነው። በአሰላና በዶዶላ አድርጋችሁ ባሌ፣ ከዚያ ሳነቴን አቋርጣችሁ ዶሎ መና። ስድስት ሌሊት፣ ስድስቱንም ድንኳን። አልጋ መያዝ የሚባል ነገር የለም ተባብላችኋል አሉ።

ሂጂ፣ አልከለክልሽም። መኪናውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። አንድ ነገር ብቻ፦ ከሰል ወደ ውስጥ አይገባም። ድንኳንም ይሁን አልጋ ቤት፣ አይገባም።

«ሆቴል ካደርንማ ምኑን ተጓዝነው» ያለው ያ ጓደኛሽ ነው አይደል? እኔ አሥራ አንድ ዓመት ለመንገድ ቀያሾች ነድቻለሁ። ድንኳን ውስጥ ያደርኩትን ሌሊት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ድንኳን ወይስ አልጋ የሚለው አዲስ አበባ ቁጭ ተብሎ አይወሰንም። ማታ ማታ ነው የሚወሰነው። ልብሳችሁ ርሷል? ያመመው ሰው አለ? ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሳችኋል? አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ ድንኳን መትከያ እያላችሁ ጫካ ለጫካ አትዙሩ። ቅርብ ያለው ከተማ ግቡና አልጋ ያዙ።

ዲንሾ ላይ ትከሉ፣ ደስ ይለኛል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ነው፣ ስካውቶቹም አሉ። ጠዋት ዚፑን ስትከፍቺ የደጋ አጋዘኑና ከርከሮው እዚያው ሲግጡ ታያለሽ። ሁለት ሌሊት እደሩ። ሦስተኛውን ሮቤ ወይ ጎባ አልጋ ይዛችሁ ታጠቡ፣ የረጠበውን አድርቁ። እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው መሪ አይይዝም።

ሳነቴ ላይ ግን እንዳታድሩ። ሜዳው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ይደርሳል። በታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠዋት የጀሪካኑ ውሃ በረዶ ሠርቶ ታገኚዋለሽ። እዚያ ውሃ 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ሽሮሽ ሲንተከተክ ይቆያል እንጂ ቶሎ አይበስልም። ቀን ውጡ፣ ቀይ ቀበሮውን እዩ፣ ሳይጨልም ወደ ሪራ ውረዱ።

ብርዱ ብቻ አይደለም የሚያሳስበኝ። ከፍታው ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ከሰልም ሲመርዝ የሚጀምረው ልክ እንደዚያው ነው። ሰው «ከፍታው ነው» ብሎ ይተኛል።

የኔ እናት፣ ሰኞ ዕለት «አባዬ፣ ሣጥን ውስጥ ያለውን ጋቢህን ስጠኝ» ስትዪኝ ዝም አልኩሽ። ቤት ቡና በተፈላ ቁጥር ተነሥቼ መስኮት ስከፍት እናትሽ «ብርድ አስገባህብን» ትለኛለች። ለእሷም ሁሉን አልነገርኳትም።

አንቺ ሳትወለጂ ነው። አርሲ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ የደጋ ከተማ። ሦስት ቀን ዘንቦብን ድንኳኑ ሁሉ ውሃ ሆኗል። ረዳቴ ሃያ ዓመት አልሞላውም፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። እሱ ድንኳኑ ይበቃኛል ብሎ ነበር። «ቤት እያለ?» ብዬ አልጋ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ቡና ካፈላችልን ሴትዮ ፍም የሞላ ማንደጃ ተቀብዬ ያስገባሁለትም እኔ ነኝ። በበሩ ሥር ነፋስ ይገባ ነበር። ስወጣ ጋቢዬን አጣጥፌ በውጭ በኩል ወተፍኩት። ከዚያ ዕቃ ልጠብቅ ብዬ መኪና ውስጥ አደርኩ።

ጠዋት ሻይ ይዤለት ሄድኩ። ጋቢው እንደወተፍኩት ነበር። ፍሙ አመድ ሆኗል። ልጁ ወደ ግድግዳው ዞሮ የተኛ ነው የሚመስለው።

ለእናቱ «ብርድ መታው» አልኳት። እሷም አመነችኝ።

ስለዚህ ሚጡ፣ ስሚኝ። ፍሙ ከቀላ፣ ጭሱ ካለቀ አይጎዳም የሚል ካለ አትስሚው። የሚገድለው ነገር ሽታም መልክም የለውም። ከሰል ወደ ውስጥ አይገባም። ቡታጋዙንም ድንኳን ውስጥ እንዳትለኩሱ። ሞተር አስነሥቶ መኪና ውስጥ እየሞቁ መተኛትም ያው ነው። ከበረዳችሁ ውጭ ውሃ አፍልታችሁ ኮዳ ሙሉና በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት። አንዱ ራሴን አመመኝ ካለ መጀመሪያ ወደ አየር አውጡት። ካልተሻለው ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ውረዱ። ጎባ ሆስፒታል አለ። ድንኳኑ እዚያው ይቅር፣ ሌላ ይገዛል።

ወደ ዶሎ መና ስትወርዱ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትትከሉ። የትም ስታድሩ ደግሞ መጀመሪያ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስፈቅዱ።

ሮቤ ስትደርሺ ደውዪልኝ። ደክሞኛል ብለሽ እንዳትተዪው።

ስኮርታውን ዛሬ አስነፍቼዋለሁ፣ ክሪኩም ከሥሩ አለ። ጋቢውን እናትሽ አጥባው የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬልሻለሁ። ሌሊት ተከናነቢው። ወንድምሽ የጫነላችሁን ማንደጃና የከሰሉን ከረጢት ግን አውርጄ ጓሮ አስቀምጫለሁ፤ አትፈልጉት።

አባትሽ