በብየዳ የሰፋ ቸርኬ ያሳስበናል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአሸዋና በጭቃ የሚነዱ መኪኖች ሰፊ ጎማ እንዲይዙ ተብሎ የብረት ቸርኬን በግቢ ውስጥ ዙሪያውን ቆርጦ፣ መሃሉ ላይ ተጨማሪ የብረት ቀለበት አስገብቶ መበየድ በእጅጉ ያሳስበኛል። ፍላጎቱ ይገባኛል፤ 7.50-16 የሚባለው መጠን ጎማ የሚታሰርበት፣ ስፋቱ 5.5 ኢንች የሆነው የላንድክሩዘር ቸርኬ ጠባብ ነው፤ ሰፊው ደግሞ ውድ ነው። ነገር ግን ብየዳው ከላይ ሲያዩት ቢያምርም፣ ወደ ብረቱ ዘልቆ ካልገባ፣ ጎማው በዞረ ቁጥር ጭነቱ ስለሚፈራረቅበት ከመስመሩ ጠርዝ በቀጭኑ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ ስንጥቁም ከቀለም ሥር ተሸፍኖ ቆይቶ በጉዞ ላይ ሊለቅ ይችላል። ስፋቱ በሙሉ ወደ ውጭ ከተጨመረ ደግሞ ኩሽኔታው ያልተሠራለትን ጫና ይሸከማል።

ከሁሉ የከፋው ጎማውን ሳያወልቁ መበየድ ነው፤ ንፋሱ ቢወጣ እንኳ፣ የጋለው ጎማ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያመነጭ ፈንድቶ በያጁንም አጠገቡ የቆመውንም ሊገድል ይችላል።

የዓመታዊ ምርመራ ባለሙያዎች ቦሎ ከመስጠታቸው በፊት የቸርኬውን የጀርባ ገጽ በባትሪ እንዲያዩልን፣ ከፋብሪካው ብየዳ ሌላ የተጨመረ መስመር ያለበትንም እንዲያስቀይሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዳማ