ትዝታ እንደ እስክስታ አይቆረጥም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጣና ዳር የሚቀረጹ የዘፈን ክሊፖች የምስል አቆራረጣቸው ሁሉ አንድ ዓይነት እየሆነ ነው። ራፕ ፈጣን ቁርጥ ይችላል፤ ትዝታ ግን አይችልም። ታንኳዋ ከደንገሉ ወጥታ እስክትርቅ ካሜራው ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ዝም ብሎ ይጠብቃት። እስክስታ ሲሆን ደግሞ ፊት ላይ ብቻ ከተጠጉ ትከሻው ይጠፋል፤ ከወገብ በላይ ይያዝ፣ ቁርጡም ምቱ ላይ ይረፍ።

ዘፋኙን በዝግታ ለማሳየት በሰከንድ 50 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀርጾ በ25 የሚያጫውት ሰው፣ ቀረጻው ላይ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ካልከፈተ ከንፈርና ድምፅ አይገጥሙም። (ዛሬም የምናየው ስሕተት ነው!)

ጢስ ዓባይን የሚሹ በመጋቢት አይልፉ፤ በበጋ ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚዞር ፏፏቴው ይሳሳል። ነሐሴና መስከረም ይሻላል፣ ሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ ግን አይረሳ።

የቪዲዮ ኤዲተሮች፣ ከባሕር ዳር